ሰማዩ ላይ ያለችው ነጥብ
ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት ጠየቁት።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር አርጅቷል እናቴ። ፎቶው ሁሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ይጥላል። ወልድያ ያለ ጠጋኝ ከሌላ ካሜራ አውጥቶ ሊቀይርልኝ ነው።»

«በቀኝ በኩል፣ ሰማዩ ላይ?»

«አንቱ እንዴት አወቁ?»

«ልጄን ሁሴኔን ሊዘምት ሲል መርሳ ላይ ያነሳኸው አንተ ነህ። የጓደኛውን ጫማ ተውሶ፣ እየሳቀ። እኔ ወፍ መስላኝ ነበር።»

«ደኅና ነው እሱ?»

«ወሬው ከጠፋ ቆየ።»

«ፎቶውን ያምጡልኝ፣ ነጥቧን በኮምፒውተር አጠፋታለሁ።»

«ተዋት ልጄ። ያን ቀን አብራው ነበረች።»

ሲሪንቃን ስናልፍ እኔም ወንድሜ ሊዘምት ሲል መርሳ የተነሳውን ፎቶ ከቦርሳዬ አወጣሁና ሰማዩ ላይ ነጥቧን ፈለግሁ።