ሮዙ ወረቀትና ቢጫው ቦት ጫማዬ

አሸነፍኩ! በመቶ አስራ ሁለት ድምፅ አሸነፍኩ!

እሺ፣ አሁን ሰላምታው ይከተል። ክቡር ዋና አዘጋጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ዜናውን እንደምታውቁት አውቃለሁ፤ ጋዜጣው ላይ ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ። እኔ ግን ማውራቱን አልጠገብኩም። ዛሬ ጠዋት ለአውቶብሱ ትኬት ቆራጭ ብነግረው፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አሁን ግን ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ» አለኝ።

ወንበር ለደረደራችሁ፣ አበባ ለገዛችሁ፣ ኬኩን እኔ ሳልመጣ ለጀመራችሁትም ሳይቀር ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የዚህ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የጻፋችሁትን ታይፕ አድርጌያለሁ፣ ስልክ አንስቻለሁ፣ አለቃ አጠገቤ ተቀምጠው «አለቃ የሉም» ብያለሁ።

ስሰናበት ግን አንድ የምናዘዘው አለኝ።

በምርጫ ሰሞን እጩዎችን ልታነጋግሩ ስትወጡ የምትይዙት የመጠይቅ ወረቀት አለ አይደል? ነጭ አለ፣ ሮዝ አለ። ነጩ ለወንድ እጩ ነው፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ በጀት ይጠይቃል። ሮዙ ለሴት እጩ ነው። ባለቤትዎ ፈቀዱልዎ? ልጆችዎን ማን ይይዝልዎታል? የሚወዱት ቀለም ምንድን ነው? የቀድሞው አዘጋጅ በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ፣ ሁለቱንም ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዳይቀላቀልብን ብዬ ሮዝ ወረቀት የመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ እንዲያውም «እንዴት ያለች አስተዋይ ናት!» ተብዬ ተመስግኜበታለሁ። በአራት ምርጫ፣ ሪፖርተር በወጣ ቁጥር «ማን ጋ ነህ? ሴትዮዋ ጋ? እንካ ሮዙን!» ስል ኖርኩ። አንድ ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ምን አሳሰበኝ? የምጠየቀው እኔ አይደለሁ!

ከዚያ ራሴ ለምክር ቤት ተወዳደርኩ። ለምን? ስለ ቦዩ ነዋ! ከገበያው ጀርባ ያለው የጎርፍ መውረጃ ተደፍኖ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃው ሰፈራችን ይገባል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ የልብስ ስፌት ቤት ሞልቶ፣ የስፌት መኪናዋን ከነሰፋችው ቀሚስ ከጭቃ ውስጥ ጎትተን አወጣን። ዘንድሮም ከሞላ ቤቱን ትዘጋለች።

ፎቶ አንሺያችን መጣ። ቢጫ ቦት ጫማዬን አድርጌ ቦዩ ውስጥ ገባሁለት፤ ጭቃው ጉልበቴ ድረስ። «ጥልቀቱ ይታይ!» አልኩት። በማግስቱ ጋዜጣችንን ስገልጥ ከፎቶው ሥር ምን ይላል? «እጩዋ በቢጫ ቦት ጫማ አምረውና ደምቀው።» ስለ ቦዩስ? አንዲት ቃል የለም! ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ከበው፣ «ውይ ሲያምር! ከየት ገዛሽው?» ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀችም። «ቦዩን አላዩትም ማለት ነው?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ቀጥሎ ረጅሙ ሪፖርተራችን፣ ቀጭኔ የምንለው፣ ቤቴ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ቦርሳውን ከፈተ፣ ሮዙን ወረቀት አወጣ። የገዛ እጄን ሥራ!

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ፈቀዱልዎ?»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ወንበር ይጠግን ነበር። ቀና ብሎ፣ «እኔን ማን ጠየቀኝ? ማንን እንደምመርጥ እንኳ ገና አልወሰንኩም» አለ።

«ነጩን አውጣው የኔ ልጅ» አልኩት ቀጭኔን።

«ነጩ የወንዶች ነው እትዬ። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

እውነቱን ነው፣ ያስተማርኩት እኔው ነኝ! ታውቁኛላችሁ፣ መላ አላጣም። «በል ሁሉንም እመልስልሃለሁ፤ ተወዳዳሪዬ ጋ ስትሄድም ይህንኑ ሮዙን ትይዛለህ» አልኩት። ቀጭኔ ደግሞ ለተንኮል ማን ብሎት! ይዞት ሄደ።

ተወዳዳሪዬ ሁለት የምርጫ ዘመን ምክር ቤት የተቀመጡ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው።

«ጋሼ፣ ልጆችዎን ማን ይይዝልዎታል?»

«የትኞቹን?»

«የሚወዱት ቀለምስ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ስለ መንገድ ጠይቀኝ እንጂ!»

«ወረቀቱ ላይ የለም ጋሼ።»

ይሄኔ ወደ ጓዳ ዞረው፣ «አንቺ! የምወደው ቀለም ምንድን ነው?» ብለው ተጣሩ አሉ።

ሁለቱም ቃለ መጠይቆች ዋና አዘጋጃችን ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። የሆነውን ያጫወተችኝ አራሚያችን ናት። የእኔን አንብበው «ጥሩ ነው፣ ለዛ አለው» አሉ። የሰውዬውን ሲያነቡ ግን ጠረጴዛ መቱ። «ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ነውር አይደለም እንዴ!» አራሚያችን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ በቀይ እስክሪፕቶዋ እያሳየች፣ «ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ አንድ ነው» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። አጠለቁት። መልሰው አወለቁት። ጋሼ፣ አይደበቁ፤ ይኸው አሁንም እያወለቁት ነው!

ሁለቱንም ጽሑፍ ጣሏቸው፤ በማግስቱ ቀጭኔ ነጩን ይዞ ለሁለታችንም መጣ። ስለ ቦዩ ግማሽ ገጽ ወጣ። ተወዳዳሪዬም ስለ ቦዩ ሲጠየቁ «በመጠናት ላይ ነው» አሉ። ሁለት ዘመን ሙሉ! የቀረውን መራጩ ጨረሰው።

ጋሼ፣ አምነው ስላረሙ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን ከእጄ ሮዙ የወጣላቸውን የእነዚያን የአራት ምርጫ ሴቶች አስባለሁ። እነሱስ የትኛውን ቦይ ሊያሳዩን ነበር? አልጠየቅናቸውም፤ አናውቅም። እኔ ያወቅኩት ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነው።

በሉ አሁን አሜን በሉ። ቀጭኔ፣ በሮች ሁሉ ከፍ ይበሉልህ! ፎቶ አንሺው፣ ዓይንህ ከጫማ ከፍ ይበል! የአራሚያችን ቀይ እስክሪፕቶ አይንጠፍ! እኔን የምትተካው ልጅ ጣቷ አይዛል፣ ከእኔም ቀድማ ትጠይቅ! ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ! ሁላችሁንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ! ምነው፣ አሜኑ ሳሳ? ኬክ አፋችሁ ውስጥ ነው መሰለኝ።

መሳቢያዬን ሳጸዳ የተረፈ የሮዝ ወረቀት እሽግ አገኘሁ። ልጥለው ስል ጀርባው ንጹሕ ነው፤ አሳዘነኝ። ይኸው አንድ አንድ ውሰዱ። ገልብጡት፤ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ ስዬበታለሁ። ድግስ አለ፣ ከነቤተሰባችሁ እንድትመጡ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴም በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች። ቦዩ ገና አልተጠረገም፤ ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ኑ! ፎቶ አንሺው ከእነጫማችሁ ያነሳችኋል፤ ከሥሩ የሚጻፈውን እኔ ራሴ ታይፕ አደርገዋለሁ። መቅረት የለም፣ ሰበብም አልሰማም፤ የፊታችን እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት!