ስድስት ላይ የማቆመው ቁጥር

ጣልያን ገብቶ ትምህርት ቤቴ ከተዘጋ ወዲህ አስተማሪዬ የሳሙና መጠቅለያ ወረቀት ነበር። አንድ ቀን ሳሙና የተጠቀለለበት፣ ከሒሳብ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ደረሰኝና፣ የጎረቤታችንን ልጅ የአስካለን ልብ ልገዛበት ልደታ ማርያም ደጃፍ መሬቱ ላይ 142857 ብዬ ጻፍኩላት። ጮክ ብዬም «በሁለት ስታባዢው 285714፣ በሦስት 428571 ይሆናል። እስከ ስድስት ብትሄጂ እነዚያው አኃዞች ቦታ ይቀያየራሉ እንጂ ባዳ አይገባም!» አልኳት። አፏን ከፍታ ቀረች።

ይሄኔ ግንቡ ሥር የተቀመጠ ዓይነ ስውር የቆሎ ተማሪ፣ «ወንድም ዓለም፣ በሰባትስ?» አለኝ። ገጹ የተቀደደው ስድስት ላይ ነው፤ ሰባትን ሞክሬው አላውቅም። «ሰባት ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። «እኛማ በዓል የሚውልበትን ዕለት ስናሰላ ሁሉንም በሰባት እየገደፍን፣ ሰባት ሰባቱን እየጣልን፣ ቀሪውን ነው የምንይዘው» አለና የጣቶቹን አንጓ ቆጠረ። ከዚያም ሳቀ፦ «ስድስት ዘጠኝ ተሰለፈ! ሌላ የለበትም።»

አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቡ ቁጭ አለች። «እስቲ አንተ አስረዳኝ» አለችው።

ቤቴ ገብቼ አባዛሁት፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ይኸው እስካሁን ያንን ቁጥር ለሰው ሳስረዳ ስድስት ላይ አቆማለሁ።