ከማታ ጀምሮ

ከሞጆ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ፣ አጠገቤ ትንሽ ልጇን ያቀፈች እናት ተቀምጣለች። ከፊት ያሉ አሮጊት ዞር አሉ።

«ምን ሆናብሽ ነው፣ ልጄ?»

«ይጥላታል፣ እማማ። ዛሬ ጭንቅላቷን በማሽን ሊያዩላት ነው።»

«አርፋ ትታይላቸዋለች?»

«ማደንዘዣ ሰጥተው ያስተኟታል።»

«እህል ቀምሳለች?»

«ኧረ! ከማታ ጀምሮ በአፏ አልዞረም። ሆዷ ውስጥ ምግብ ካለ፣ ተኝታ ሲያስመልሳት ሊያንቃት ይችላል አሉኝ። ስታለቅስ አንጀቴን አስሬ ነው የቻልኩት።»

«ስንነሳ ታለቅስ አልነበር? ምን ዝም አሰኛት?»

«እኔን ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ ዝም ብላለች። እግዜር አስቻላት።»

«ተመስገን በይ።»

እናትየዋ ስታንቀላፋ ልጅቷን ያጎረስኳት ብስኩት የነበረበትን ባዶ ላስቲክ በእጄ ጨምድጄ እንደያዝኩ አዳማ ገባን።