የሰርጉ ድሮን ዱቄት ሲሎ ውስጥ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ፣ ጊንጪ አጠገብ ባለ የዱቄት ፋብሪካ፣ ሠራተኛው ኦቦ ገመቹ ሊወርዱበት ወደነበረው ረጅም የዱቄት ማከማቻ ሲሎ በእሳቸው ፋንታ ድሮን ገባ። ዱቄቱ ተጋግሮ ከታች አልወርድ ስላለ በገመድ ወርደው በአካፋ ሊያፈርሱት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን "መጀመሪያ በካሜራ እንየው" ብለው ከአምቦ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ከነድሮኑ አስመጡ። "ሙሽራዋስ የታለች?" አሉ ኦቦ ገመቹ፤ ለዘገባ የሄድኩትን እኔን ጨምሮ ሲሎው አፍ ላይ ተሰብስበን የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ስክሪኑ ላይ ነጭ ሜዳ ታየ፤ በሜዳው ላይ የባዶ እግር ዱካ። "የኔ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ወርጄ ነበር" አሉ። ድሮኑ ዝቅ ሲል ነፋሱ ዱቄቱን አቦነነው፤ ወዲያው ሜዳው ያለ አንዳች ድምፅ ተደረመሰ። ለካ ስስ ቅርፊት ነበር፤ ከሥሩ ባዶ ጨለማ። ዱካዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ሲገቡ አየን። ኦቦ ገመቹ የገዛ እግራቸውን ቁልቁል አዩ። "ያ ዋቃ! የፈጣሪ ያለህ! እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ እኮ" አሉ።

እኔም ድሮን የሰው ሕይወት አዳነ ብዬ ከነቪዲዮው ዘገብኩ። ከዘገባው በኋላ አንድ የኢንዱስትሪ ደህንነት መሐንዲስ ደወለልኝ። "ቪዲዮው ላይ ጉም የሚመስለው የዱቄት ብናኝ ነው። አየር ላይ ሲቦን አንዲት ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ብልጭታ እንዳይፈጥር ተደርጎ የተሠራ ድሮን አለ፤ የሰርጉ አይደለም። ሲሎው አፍ ላይ ስንት ሆናችሁ ቆማችሁ ነበር?" ያን ቀን ያነሳሁትን ፎቶ አውጥቼ ቆጠርኩ። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ነበርን።