አርጅታ የተመለሰችው አህያ

ቅዳሜ ጠዋት መካኒሳ አቦን ተሳልሜ ታክሲ ስጠብቅ ጎረቤቴን ጋሽ ደገፋን አገኘኋቸው። አህያቸውን በገመድ ይጎትታሉ፤ ጋሪ ግን የለም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁና ጠያቂነት አይለቀኝም፤ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

«ልጥላት ነው፣ መምህር። አረጀች። ትናንት አመሻሽ ቀለበት መንገዱ ዳር ትቻት ብገባ፣ ሲነጋ ደጃፌ ቆማ አገኘኋት። ዛሬ ከሀና ማርያም ማዶ አርቄ እለቃታለሁ።»

የሰፈራችን ባለጋሪ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የተጣለችውን አህያ ጅብ ወይም መኪና ይጨርሳታል። እኔም ስንት ዓመት እያየሁ ዝም ብያለሁ፤ ያሳፍረኛል።

አጠገባችን ጠረጴዛ ዘርግታ ፊርማ የምታሰባስብ ወጣት ነበረች። ለሊሴ ትባላለች፤ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ለእንስሳት መብት የሚቆም ፓርቲ ልትመሠርት ተነሥታለች፤ ጠረጴዛዋ ላይም ይህንኑ የሚል ጽሑፍ ለጥፋለች። የተባባልነውን ሰምታ ቀረበች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ጅብ እንደሚበላት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ልጄ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ደግሞስ ለሰው የሚሆን ፓርቲ መች አገኘንና ነው ለአህያ የምታቋቁሙት?»

እኔ ብሆን በዚህ እረታ ነበር። ልጅቷ ግን ፍንክች አላለችም።

«ስንት ዓመት አገለገለችዎት?»

«አሥራ አራት። የቤቴን ድንጋይ የጎተተችው እሷ ናት። ባለቤቴ ምጥ የያዛት ቀንም መኪና ጠፍቶ ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት እሷ ናት።»

«ታዲያ ትናንት ከዚያ ሁሉ መንገድ ወደ ማን ተመለሰች?»

ጋሽ ደገፋ ገመዱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሺ፣ እኔስ አልጥላት። ፓርቲሽ ምን ይጨምራል?»

«እርስዎን ብለምን አንድ አህያ ትድናለች። ባለጋሪውን ሁሉ ግን በየመንገዱ ለምኜ አልዘልቀውም። ሕግ ሲወጣ ያልተለመነውም ይታዘዛል። ሕግ የሚወጣው ምክር ቤት ነው፤ አህያ እዚያ ገብታ አትናገርም፤ እኛ ገብተን እንናገርላት።»

«ከልክ በላይ ከጫንኩ ልትቀጡኝ ነዋ?»

«አዎ፣ አልደብቅዎትም። ግን በየወረዳው ሐኪም እንዲመደብ፣ ላረጀ እንስሳ ማቆያ እንዲሠራ እንጠይቃለን። ጀርባዋ ያልቆሰለ አህያ ብዙ ዓመት ትሠራለች፤ የሚጠቀመው ባለቤቷ ነው። መንገድ ዳር አህያ ካልተጣለም ጅብ ሰፈር አይለምድም።»

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ከዚያ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ። ስማቸውን በዝግታ ጻፉ።

«በንቲ የሚባል ባለጋሪ አለ፤ ነገ የሱን ሊጥል ነው። በግድም ቢሆን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«በግድ አይሁን አባባ። የሆነብዎትን ይንገሩት፤ ይበቃል።»

እኔም ከሥራቸው ፈረምኩ። ታክሲው አመለጠኝ፤ ግድ የለም። ጋሽ ደገፋ ገመዱን ከአንገቷ ሲፈቱላት አህያዋ ዞራ የቤቷን መንገድ ያዘች፤ እሳቸው ከኋላ ተከተሏት።