የመሸኛው ጉርሻ

በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ጋትሉዋክ የሚባል የኑዌር ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ወደ ሰሜን ዝመት ተባለ። የክሊኒኩን ጓደኞቻችንን ጠርቼ ቤቴ ልሸኘው ተነሣሁ። ማንጎ ጨምቄ፣ ሎሚና ማር ጨምሬ፣ አረቄ ጠብ አደረግሁበትና በጆግ አቀረብኩ። የሚቆረጠም ለውዝ ቆላሁ፤ የባሮን ዓሣ በትንንሹ ቆርጬ ጠበስኩ። ሁሉም ሲበላ ሲጫወት እሱ ብርጭቆውን ብቻ ይዞ ተቀመጠ። "ብላ እንጂ!" ስለው "ጠግቤአለሁ፣ ሲስተር" ይለኛል። እኔ የጎጃም ልጅ፣ እንግዳዬ ሳይቀምስ ከቤቴ ይውጣ? ዓሣውን አንሥቼ "በሞቴ!" ብዬ አፉ ድረስ አስጠጋሁለት። የአጎቱ ልጅ ቾል ጨዋታውን አቋረጠ። ጋትሉዋክ እኛን ሴቶቹን አንድ ጊዜ አየን፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። እኔ እልል አልኩ።

በማግስቱ መኪናው ይዞት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መርዶው የመጣ ጊዜ ቾል ዘንድ ለቅሶ ሄጄ፣ "ያን ቀን እንኳን ከእጄ ጎረሰ፣ እሱ ያጽናናኛል" አልኩት። ቾል አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ባዕድ ሴት ፊት አይበላም፣ ሲስተር። ትልቅ ነውር ነው።"

"ታዲያ ለምን ጎረሰ?"

"እምቢ ቢል አንቺ ልታፍሪ ነው። እኔ ልፈር አለ።"