የሰባት ቁጥር ክፍል ቁልፍ

እኔ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የበር ላይ ጽሑፍና ማስታወቂያ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደል ግን አላሳስትም። ከሰው ጋር ስነጋገር አንገቴን ስለምደፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማየው የሰውን ጫማ ነው።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቀለሙ ያልደረቀ ሰሌዳ በሁለት እጄ ይዤ ደረጃ ስወጣ፣ ከላይ የሚወርድ ጫማ ፊት ለፊቴ ቆመ። ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ፣ ግን በደንብ የተወለወለ ጫማ ነበር። ቀና ሳልል አወቅኳቸው። የሕንጻው ቁልፍ ያዥ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ይላቸዋል።

«ይህ ደግሞ የማን ነው?» አሉኝ።

«የሰባት ቁጥር ክፍል ነው፣ ጋሼ።»

«እስቲ አንብበው፤ መነጽሬን አልያዝኩም።»

«‹የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መተዋወቂያ ክበብ፤ ዘወትር ሐሙስ በአሥር ሰዓት› ይላል።»

«ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ይዘኸው ተመለስ፤ ሰባት ቁጥር አይከፈትም።»

ጋሼ ቁልፍ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የክበቡ ጸሐፊ ነርስነት የምትማረው የመጨረሻ ልጃቸው ነበረች። «ያ በር የተከፈተ ዕለት ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ቤት ትገባለች» ብለው ለሚስታቸው መማላቸውን ሕንጻው ሁሉ ሰምቶ ነበር።

በዚህ መካከል ልጅቷ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ደረጃውን ወጣች።

«አባባ፣ ተማሪዎቹ ውጭ ቆመዋል። የኮሌጁ ኃላፊ ፈቅደዋል እኮ።»

«ኃላፊው የፈቀዱት ክፍሉን ነው። አንቺን የወለድኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

«እምነቴን ልለውጥ አይደለም።»

«ጭድስ እሳት አጠገብ የሚቀመጠው ልቃጠል ብሎ ነው? ዛሬ ‹ልወቀው›፣ ነገ ‹እሱም ደግ ነው›፤ ከነገ ወዲያ አባትሽን አታውቂውም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ እምነት ጭድ ነው?»

ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። የሽማግሌው ጫማ ግን አልተነቃነቀም።

«አፍሽስ ተምሯል! እኔ ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖርኩት ቁልፎቼን ለይቼ፣ በየምስማራቸው ሰቅዬ ነው። ቁልፍ ከተደባለቀ በር አይከፈትም።»

«እኛም አንደባልቅም፣ አባባ። የእያንዳንዱን ቁጥር እናነባለን እንጂ። እርስዎ የሕንጻውን ቁልፍ ሁሉ ለይተው ስላወቁ የራስዎ ቤት ቁልፍ ጠፋብዎት?»

 እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ባለፈው ወር ልምምድ በምናደርግበት ሆስፒታል አንዲት አሮጊት ምግብ አልቀምስ አሉ። እኔው ነኝ ‹እልኸኛ ነዎት› ብዬ ተቆጥቼ ያስለቀስኳቸው። ለካ ጾም ላይ ኖረዋል። የእምነታቸው ተከታይ የሆነ የክፍሌ ልጅ ነው የነገረኝ። ያለቀሱት ከረሃቡ ይልቅ በእኔ ቁጣ ነበር። ክበቡን ያኔ አሰብነው። የዛሬው ርዕሳችንም ሰው ሲሞት ወገኖቹ እስኪደርሱ ምን ይደረግለታል፣ ምንስ አይደረግም የሚል ነው።»

ጋሼ ቁልፍ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ሳልወድ ፊታቸውን አየሁ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው» አሉ። «የተማሪዎች ማደሪያ ዘበኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት አንድ ልጅ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። እምነቱ ሌላ ነው፤ አገሩም ሩቅ። አንጀቴን በላኝ። አባቱ መቃረቡን ስሰማ ውሃ አሙቄ አጠብኩት፤ ጸጉሩን አበጠርኩለት፤ በእኛ ወግ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመርኩለት። አባቱ ሲደርስ፣ አንድዬ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያመሰግነኝ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጁን አየና ‹ማን ነው የነካብኝ?› አለ። በእነሱ ዘንድ አስከሬን የሚያጥበው ወገኑ ብቻ ነው። እጄ ገና እርጥብ ነበር። ከኋላዬ ደበቅኩት።»

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለእናትሽም አልነገርኳት» አሉ። «ማን ያስተምረኝ ነበር?»

«እዚያው ማደሪያ ውስጥ ሃያ ልጅ ያስተምርዎት ነበር፣ አባባ። የሚጠየቁበት ቦታ ነው ያልነበረው።»

ደጉ ሰው በደግነቱ በደለ፤ ጥፋቱ ከልቡ ሳይሆን ካለማወቁ ነበር። ይህን ልናገር ፈልጌ አፌ እንቢ ቢለኝ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙ ደርቋል» አልኩ።

«ይሄ ልጅ ነገሩ ሁሉ ቀለም!» ብለው፣ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ። ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ የሰባት ቁጥሩን ለዩና በሩን ከፈቱ።

«እኔ ለጥበቃ ነው የምቆመው» ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። የዚያ የሟቹ ልጅ እምነት ተከታይ የሆነ አንድ ረጅም ተማሪ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ጋሼ ቁልፍ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«ወገን ሩቅ ከሆነስ፣ ልጄ? አንድ ዘበኛ ብቻውን ከሬሳው ጋር ቢቀር ምን ያድርግ?»

«ምንም አይንካ፣ አባባ። በአንሶላ ሸፍኖት አጠገቡ ይቀመጥ። ሟችን ብቻውን አለመተው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።»

«መቀመጥማ» አሉ ጋሼ ቁልፍ፣ «መቀመጥማ እችል ነበር።»



ሲወጡ ልጃቸውን እንዲህ አሏት፦ «መሐላዬን አንሥቻለሁ። እምነቴ እንደነበረ አለ፤ አልተነካም። የጨመርኩት የሰው ልጅ የሚያመውን ማወቅ ነው። ትምህርትሽን ተማሪ፤ ግን የማታውቂውን በሽተኛ ከመንካትሽ በፊት ጠይቂ።»

አንባቢ ሆይ፣ የጎረቤትን እምነት ማወቅ የራስን መካድ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ጾመኛን አይቆጣም፤ ኀዘንተኛንም አያቆስልም፤ ከማያውቀው ጋር ለጠብ አይቸኩልም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የተባለው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ክበቡ የየእምነቱን ሥርዓት በአንድ ገጽ አሰባሰበና፣ በማደሪያው ዘበኛ ቤት የሚሰቀለውን ሰሌዳ እኔ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ያስጻፉኝ ጋሼ ቁልፍ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል ተከታተሉኝ።

«መጀመሪያ ጠይቅ። የምትጠይቀው ሰው እስኪደርስ ከሟቹ አጠገብ ተቀመጥ።»